ኮርኮቫዶን «ውድ ቅጣት» ላልሽው እህቴ፦ በነጥብ በነጥቡ የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን አንዲት እህታችን ኮስታ ሪካ ሄዳ ኮርኮቫዶ ብሔራዊ ፓርክን አይታ ስትመለስ የጻፈችውን ሰው ሁሉ ሲቀባበለው አየሁ፣ ርዕሱ «ውድ ቅጣት» ይላል። ላላነበባችሁት ባጭሩ ምትለው እንዲህ ነው፦ ያለ ጋይድ አያስገቡም ይሄ ደሞ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው፣ ያን የመሰለ ባህር ዳርቻ ይዘው መዋኘት ይከለክላሉ፣ የራስሽን ምግብ ይዘሽ መግባት አትችይም፣ ጃጓር አለ ተብሎ ጃጓር የለም፣ እዛ ማደር ትርፉ ትንኝ ስለሆነ ግማሽ ቀን ይበቃል፣ ዝናቡ ደሞ አያድርስ ነው። መጨረሻ ላይም ጓደኞቿ ብራቸውን ሌላ ቦታ እንዲያጠፉ ትመክራለች።

እኔ ኮርኮቫዶ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ልክ እንደሷ ድሬክ ቤይ ከምትባለው የባህር ዳር መንደር በጀልባ ጠዋት ሄዶ ከሰአት መመለስ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ያኔ ብጽፍ ኖሮ የሷን ግማሹን እጽፍ ነበር። ሁለተኛው ግን በእግር ነው፣ ላ ሊዮና ከሚባለው የፓርኩ መግቢያ ተነስተን የባህሩን ዳርቻ ይዘን ፓርኩ ውስጥ ያለው ሲሬና ጣቢያ ገብተን ሁለት ሌሊት አደርን፣ ከዛ በኋላ ስለዚህ ቦታ እንዲሁ በቀላሉ ክፉ ሲወራ ዝም ማለት አልችልም። ስለዚህ እህቴ፣ በክፋት ሳይሆን ቦታውን ስለምወደው ነውና አንድ በአንድ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ላላወቀው ቦታው የት እንደሆነ ልበል። ኦሳ ሚባል ባሕረ ገብ መሬት አለ፣ ኮስታ ሪካ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ ፓሲፊክ ውስጥ የገባ፣ ፓርኩ የዛን ትልቅ ክፍል ነው የያዘው፣ ወደ 420 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት። ፓርክ የሆነው በፈረንጆቹ 1975 በፕሬዝዳንት ዳንኤል ኦዱቤር ጊዜ ነው። ውስጡ መኪና ሚሄድበት መንገድ የለም። ወይ በጀልባ ወይ በእግር ትገቢያለሽ፣ ሲሬና ላይ አልፎ አልፎ ትንሽ አውሮፕላን ሚያርፍበት የሳር ሜዳ አለ፣ በቃ ሌላ የለም። ዝናብ ደኑ ወርዶ ወርዶ አሸዋው ላይ ነው ሚያበቃው፣ ዛፉ ስር ቆመሽ ማዕበሉ እግርሽ ጋ ይደርሳል።

እንግዲህ ጋይዱ ጋ እንጀምር፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ያናደደሽ እሱ ነው። «ትልቅ ሰው ነኝ፣ ካርታ ማንበብ እችላለሁ፣ ለምን ሞግዚት ይቀጠርልኛል» ነው ያልሽው። ስሜቱ ይገባኛል። ከ2014 በፊት ሰው ብቻውን ይገባ ነበር፣ ከዛ በኋላ ነው ፈቃድ ያለው ጋይድ ግዴታ የሆነው። ግን እስቲ እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ሁለተኛው ጉዞ ላይ፣ ከባህሩ ዳርቻ ወጣ ብለን ጫካው ውስጥ ባለችው ቀጭን መንገድ ስንሄድ ጋይዳችን ሳይዞር ክንዱን ወደኋላ ዘርግቶ ደረቴን ያዘኝ። ምንም አልታየኝም። ቅጠል ነው፣ ቡናማ የረገፈ ቅጠል። በጣቱ ሲያሳየኝም አልታየኝም፣ በሶስተኛው ነው ቅጠሉ መሃል ቅጠል ያልሆነ ነገር እንዳለ ያወቅኩት፣ ተጠቅልላ አንገቷን በመሃል አርጋ የተኛች ቴርሲዮፔሎ ምትባል እባብ፣ ከመንገዱ አንድ እርምጃ እንኳን አትርቅም። መርዘኛ ናት፣ እዛ አገር ከባድ የእባብ ንድፊያ ሲባል መጀመሪያ ስሟ ሚጠራው የሷ ነው። ቀጣዩ እርምጃዬ ሚያርፈው እሷ አጠገብ ነበር። ካርታው ላይ እሷ የለችም እህቴ። ሆስፒታል ደሞ በጀልባ ነው፣ ባህሩ ከተቆጣ ጀልባም የለም።

ካርታው ላይ የሌለው ሌላው ነገር የባህሩ ውሃ ሚሞላበትና ሚሸሽበት ሰአት ነው። ከላ ሊዮና እስከ ሲሬና 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ካራቴ ከምትባለው መንደር ከጀመርሽ ደሞ ወደ 20 ይጠጋል፣ ብዙውም አሸዋ ላይ ነው። መንገዱ ላይ ሳልሲፑዴስ ሚባል የድንጋይ አፍንጫ አለ፣ በስፓኒሽ «ከቻልክ ውጣ» ማለት ነው፣ ስሙን ሰው ለጨዋታ አላወጣለትም፣ ውሃው ሲሸሽ ብቻ ነው በድንጋዮቹ ስር ማለፍ ሚቻለው። ከዛ ሲሬና ልትደርሺ ስትይ ሪዮ ክላሮ አለ፣ ውሃው ሲሸሽ ጉልበት ነው፣ ሲሞላ ደረት ያልፋል። እኛ ዘግይተን ስለደረስን ጋይዱ «ቁጭ በሉ» አለን፣ ወደ ሁለት ሰአት ወንዙ ዳር ዛፍ ስር ተቀመጥን፣ አንዱ ጓደኛችን ተነጫነጨ፣ ወንዙ እኮ ያን ያህል አይሰፋም ምናምን እያለ። ጋይዱ ምንም አልመለሰለትም፣ እንጨት ውሃው ጫፍ ላይ ተከለና «ይቺ እንጨት ደረቅ ላይ ስትቀር እንሄዳለን» አለ። እንጨቷ ደረቅ ላይ ቀረች፣ ሄድን።

ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው ላልሽው ደሞ፣ ገንዘቡ ማን ኪስ እንደሚገባ ማየት አለብን። እዛ አካባቢ ሰው ድሮ በምን ይኖር ነበር መሰለሽ? ሙዝ፣ እንጨትና ወርቅ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ትልቁ የሙዝ ካምፓኒ ደቡቡን ጥሎ ሲወጣ ስራ ያጣው ሰው ወርቅ ፍለጋ ፓርኩ ውስጥ ገባ፣ ኦሬሮ ነው ሚሏቸው፣ ወንዞቹን እየቆፈሩ ያደፈርሱ ነበር፣ ለመብላትም ያድናሉ፣ እዛ የሚኖር ሰው ምን ይብላ። በ1986 መንግስት በመቶዎች የሚቆጠሩትን ከፓርኩ አስወጣቸው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የኛ ጋይድ አባት ከነሱ አንዱ ነበር። «አባቴ ይሄን ወንዝ በአካፋ ያውቀዋል እኔ በቴሌስኮፕ» ብሎናል፣ ሲናገርም በቁም ነገር ነው። ዶስ ብራሶስ ሚባለው መንደርም የድሮ ወርቅ ቆፋሪዎችና ልጆቻቸው ዛሬ ጎብኚ እየመሩ ነው ሚኖሩት። እና አንቺ ለጋይድ የከፈልሽው ብር አንድን ሰው ከአካፋና ከጠመንጃ ያራቀ ብር ነው። እኔ ዘረፋ ልለው አልችልም።

ይልቅ ዋጋው ላይ ልክ ነሽ፣ ውድ ነው። መግቢያው ለውጭ ዜጋ በቀን 15 ዶላር ሆኖ ታክስ ሲጨመርበት ወደ 17 ይጠጋል፣ እሱ ብዙ አይደለም፣ ግን ጀልባና ጋይድ ሲደመር ከድሬክ የቀን ጉዞ ብቻ በሰው 100 ዶላር አልፎ ይሄዳል። ማደር ከተጨመረማ ሌላ ሂሳብ ነው። በዚህ አንከራከርም፣ ሁሉም ሰው ሚችለው አይደለም። ሲሬና ጠዋት ሶስት አራት ሰአት ላይ በቀን ጎብኚ ይጨናነቃል ያልሽውም እውነት ነው፣ እኔም የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ትንሽ ቡድን ነው ተብዬ ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ከፍዬ ስደርስ ከሌላ ቡድን ጋር ደባልቀውን ከኋላ ሆኜ የሰው ጀርባ ሳይ ነው የዋልኩት። ግን ይሄ የድርጅቱ ጥፋት ነው፣ የጫካው ጥፋት አይደለም፣ አንቺ ግን ሁለቱን ደባልቀሽ ነው የጻፍሽው።

ወደ ዋናው እንምጣ። ባህሩ አጠገብ ሆነን መዋኘት ተከለከልን ላልሽው መልሱ አጭር ነው፣ ሲሬና ወንዝ ወደ ባህር ሚገባበት አፉ ላይ አዞ አለ፣ ውሃው ሲሞላ ደሞ ቡል ሻርክ ከባህሩ ወደ ወንዙ ይገባል። ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ መኖር ከሚችሉት ጥቂት የሻርክ አይነቶች አንዱ ነው። እኔ ወንዙ ዳር ቆሜ ክንፉ ውሃውን ሰንጥቆ ሲሄድ አይቻለሁ፣ ውሃው ቡናማ ስለሆነ ከሱ ሌላ ምንም አይታይም። ባህሩ ራሱ ደሞ ወደ ውስጥ ሚጎትት ሃይለኛ ማዕበል ነው። መዋኘት ከፈለግሽ ከፓርኩ ወጣ ብሎ ሳን ሆሴሲቶ ሚባል ዳርቻ አለ፣ ከድሬክ ወደ ካኞ ደሴት በጀልባ ሄደሽም በጭንብል ዓሳና ኤሊ ማየት ትችያለሽ። አንድ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ሁለቱም አለ። የኮርኮቫዶ ዳርቻ ግን የኤሊዎች ነው፣ ሌሊት ወጥተው እንቁላላቸውን ሚቀብሩበት፣ ጃንጥላ ተክሎ ሙዚቃ ሚከፍት ሰው ስለሌለበት ነው እስካሁን ሚመጡት።

ምግቡ ጋ ስትደርሺ በጣም ተናደሻል፣ «ብስኩት እንኳን» ብለሽ። ሲሬና ላይ ካደርሽ እዛው ነው ምትበይው፣ አንድ ምሳ ከ20 ዶላር በላይ ነው፣ አዎ። ያ ሩዝና ባቄላ ግን በጀልባ መጥቶ፣ ማዕበል ውስጥ ወርዶ፣ በሰው ተሸክሞ ነው ሚገባው፣ ቆሻሻውም በዛው መንገድ ነው ሚወጣው። ምግብ ቤቱንም መኝታውንም ሚያስተዳድረው የአካባቢው ሰዎች ማህበር ነው። ግን ከዛ ሁሉ በላይ ያለው ምክንያት ሌላ ነው። ማኑኤል አንቶኒዮ ሚባለውን ሌላውን የኮስታ ሪካ ፓርክ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ እዛ ነጭ ፊት ያላቸው ካፑቺን ጦጣዎች ቦርሳ ዚፕ ከፍተው ቺፕስ ይዘው ዛፍ ላይ ይወጣሉ፣ ሰዉ ይስቃል ቪዲዮ ይቀርጻል። አንዴ ጦጣ ሰው ማለት ምግብ ማለት ነው ብሎ ከተማረ በኋላ መልሶ ማስረሳት አይቻልም፣ ይታመማል፣ ይናከሳል፣ ልጆቹንም ያንኑ ያስተምራል። ሲሬና ላይ ያው አይነት ጦጣ ከራሴ በላይ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ትል ፍለጋ ደረቅ እንጨት ሲሰብር አይቼው ወደኔ ዞሮ እንኳን አላየኝም። ምንም አይደለሁም ለሱ። ያ ስሜት እንዴት ደስ እንደሚል ልነግርሽ አልችልም። ብስኩትሽ ውጪ የቀረው ለዚህ ነው።

ጃጓር። እህቴ በዚህኛው ትንሽ አዝኛለሁ። ጃጓር ሌሊት ሚንቀሳቀስ፣ ብቻውን ሚኖር፣ ሰፊ መሬት ሚፈልግ እንስሳ ነው፣ ኮርኮቫዶም ውስጥ ቁጥሩ ጥቂት ነው። ዋና ምግቡ ፔካሪ ሚባለው የዱር አሳማ መሳይ መንጋ ነው፣ አዳኞች ፔካሪውን ሲጨርሱ ጃጓሩም አብሮ ይጎዳል፣ የፓርኩ ጠባቂዎች ዛሬም ሚታገሉት እሱን ነው። የኛ ጋይድ በ11 አመት ስራው አራት ጊዜ ብቻ ነው ያየው። አንቺ በአራት ሰአት ቆይታ ይታየኝ ብለሽ ካልታየ «የለም» ብለሽ ጻፍሽ። እኛም አላየነውም። ግን ሳልሲፑዴስን አልፈን እርጥብ አሸዋ ላይ ዱካውን አገኘነው፣ መዳፌን ብዘረጋበት ሊሞላው ምንም አይቀረው፣ ጣቶቹ ክብ ናቸው የጥፍር ምልክት የለም፣ እና ጠርዙ ገና አልፈረሰም ነበር፣ ውሃ ከስሩ ቀስ እያለ ሲሞላው እያየን ነው። ጋይዱ ድምጹን ዝቅ አርጎ «ዛሬ ጠዋት» አለ። ስድስት ሰዎች ነን፣ አንድም ሰው አላወራም። እኔ ጃጓር ያየሁ ያህል ነው የምቆጥረው፣ እንደውም እሱ እኛን አይቶን ይሆናል።

ካላየሽው ይልቅ ያየሽውን ደሞ እንዴት በአንድ መስመር ዘለልሽው? አራት አይነት ጦጣ አይተሻል፣ ራስሽ ጽፈሽዋል። በመላው ኮስታ ሪካ ያሉት አራት አይነት ናቸው፣ አራቱም እዛ አሉ። ከነሱ ትንሿ፣ ብርቱካናማ ጀርባ ያላት፣ በአለም ላይ ያለችው ኮስታ ሪካና ምዕራብ ፓናማ ፓሲፊክ ዳርቻ ላይ ብቻ ነው። «ቀያይ በቀቀኖች ጮሁብን» ያልሻቸው ማካው ናቸው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሚበሩት፣ ዳርቻው ላይ ባለው የባህር ለውዝ ዛፍ ላይ ቁጭ ብለው ፍሬውን ሲሰባብሩ ቅርፊቱ እንደ ዝናብ ነው ሚወርደው። ሰው እነሱን ለማየት ስንት አገር ያቋርጣል።

አሁን ዋናው የማንስማማበት ነገር ማደሩ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም ባደርገው አትቀየሚኝ። «ግማሽ ቀን ይበቃል» ብለሽ ነው ሰው የመከርሽው። የቀን ጎብኚ ጀልባ ሚደርሰው ጠዋት አንድ ሰአት ተኩል ሁለት ሰአት ላይ ነው፣ ሰባት ሰአት አካባቢ ይመለሳል፣ ማለትም እንስሳቱ ከሙቀቱ ሸሽተው ሚተኙበትን ሰአት ሙሉ ነው ምትውይው። እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ ያየሁት ይሄንኑ ነው። ሲሬና ላይ ስታድሪ ግን መኝታው ግድግዳ የሌለው ሰፊ የእንጨት ወለል ላይ የተደረደረ ተደራራቢ አልጋ ነው፣ አጎበሩ ተሰቅሎ ይጠብቅሻል፣ ስለዚህ ትንኙ ያልሽውን ያህል አይደለም፣ እኔን ያስቸገረኝ መዥገር ነው፣ ማታ ማታ እግርን በባትሪ እያዩ መልቀም ግድ ነው። መብራት በጊዜ ይጠፋል። ከዛ በኋላ ያለው ጨለማ ሌላ ጨለማ ነው፣ ዝናቡ ጣራው ላይ ይጀምርና ሌላውን ድምጽ ሁሉ ይውጠዋል፣ ሲያቆም ደሞ እንቁራሪቶቹ ተራቸውን ይረከባሉ።

አስር ሰአት ተኩል ላይ ሃውለር ሚባሉት ጥቁር ጦጣዎች ቀሰቀሱን። መጀመሪያ ነፋስ መሰለኝ። ጩኸቱ ኪሎ ሜትሮች አልፎ ይሰማል ይባላል፣ ከአልጋው በላይ ሲሆን ግን ደረት ውስጥ ነው ሚሰማው። በባትሪ ተነስተን ወደ ባህሩ ወጣን፣ ገና ሰማዩ ግራጫ ነው፣ ጋይዱ ቆመ፣ እኛም ቆምን። ዳርቻው ላይ ከማዕበሉ ጫፍ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ታፒር ቆማለች። መካከለኛው አሜሪካ ውስጥ የብስ ላይ ካሉ የዱር እንስሳት ትልቋ ናት፣ እስከ 300 ኪሎ ትደርሳለች፣ አፍንጫዋ አጠር ያለ የዝሆን ኩምቢ ይመስላል። ከኋላዋ ጥጃዋ ነበር፣ ገና ሰውነቱ ነጫጭ መስመርና ነጠብጣብ ያለው፣ ሲያድግ ሚጠፋ ነው። እናትየው 13 ወር አርግዛ አንድ ብቻ ነው ምትወልደው፣ ይሄን አስቢው፣ አንድ ታፒር ከሞተ ስንት አመት ነው ሚተካው። አፍንጫዋን ወደኛ አነሳች፣ ወደ ላይ ጠቅለል አርጋ አሸተተችን፣ ከዛ ዝቅ አርጋ መንገዷን ቀጠለች። አልሮጠችም። ጥጃው ግን አንዴ ቆሞ አየንና እሷ ራቅ ስትል ደንግጦ በሩጫ ተከተላት፣ እግሩ አሸዋው ውስጥ እየገባበት። ጓደኛዬ ካሜራውን በእጁ እንደያዘ ነበር፣ አላነሳውም።

ያን ያህል ትልቅ እንስሳ ከሰው ሃያ እርምጃ ላይ ሆኖ የማይሮጠው ለምን እንደሆነ ካሰብሽው አንቺ የተማረርሽባቸው ነገሮች በሙሉ እዛ ውስጥ አሉ፣ ጋይዱም፣ የምግቡ ክልከላም፣ ዳርቻው ባዶ መሆኑም፣ መንገድ አለመኖሩም። እዛ ዳርቻ ላይ ሰው ማሳደድ ካቆመ ብዙ አመት ሆኗል። አንዱን ብቻ ነቅለሽ «ይሄ ይነሳልኝ» ስትይ ታፒሯ አብራ ነው ምትሄደው።

ዝናቡን በተመለከተ ብዙ ልል አልፈልግም፣ የሄድሽው ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነው። ከፍታው ላይ በአመት ከ5,000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት አገር ነው፣ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ደሞ ጣራው ነው፣ ሲሬና ራሱ በተለምዶ ኦክቶበር ላይ ለጎብኚ ይዘጋ ነበር። ደረቁ ጊዜ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል ነው፣ እሱንም ቢሆን ደረቅ ሚሉት በነሱ ሚዛን ነው። ይሄን ማንም አስጎብኚ ቲኬት ከመሸጡ በፊት ሊነግርሽ ይገባ ነበር፣ ካልነገረሽ በሱ ተናደጂ፣ በዛ እኔም አብሬሽ እናደዳለሁ። ግን በዛው ወቅት ድሬክ ቤይ ላይ ከደቡብ ንፍቀ ክበብ የመጡ ሃምፕባክ ዓሳ ነባሪዎች ግልገል ይዘው እንደሚዋኙ ማንም አልነገረሽም መሰለኝ፣ ከጀልባሽ ግማሽ ሰአት ሳይርቁ ነበሩ።

«ሁለተኛ አልሄድም» ብለሽ ነው የጨረስሽው። ተመልሰሽ ብትሄጂ ግን ፌብሩዋሪ ላይ አርጊው፣ ሲሬና ያለው አልጋ ውስን ስለሆነ ቀድመሽ ከወራት በፊት ያዢ፣ ሁለት ሌሊት ይሁን፣ ጀልባውን ለመመለሻ ብቻ ተጠቀሚበትና በላ ሊዮና በኩል በእግር ግቢ፣ ሁለት ጥንድ ትርፍ ካልሲ በላስቲክ ሳይሆን ውሃ በማያስገባ ከረጢት ያዢ፣ ካራቴ ላይ ጋይድሽን ስታገኚው ደሞ ከስሙ ቀጥሎ መጀመሪያ ምትጠይቂው ሪዮ ክላሮ ጋ ውሃው ስንት ሰአት ላይ እንደሚሸሽ ይሁን።